የናንሲ ወገብ

የጥቅምት ዝናብ ነው፣ ከባሕር ተነስቶ፤
ኢድዋል ክሊኒክ ገባ፣ ኮፍያውን ረስቶ፣
ናንሲን እንደ ጆንያ በክንዱ ሸክፎ፤
እሷ ታለከልካለች፣ ምላሷ ካፍ ተርፎ።

ሚዛኑ ወለል ላይ የተነጠፈ ነው፣
ምንጣፍ የመሰለ፣ ውሻ የሚረግጠው።
ቁጥሩ ተንቀጥቅጦ፣ ወዲያ ወዲህ ብሎ፣
በመጨረሻ ቆመ፦ አሥራ ስድስት ኪሎ።

«አጥንተ ከባድ ናት» አለ ኢድዋል ፈጥኖ፣
«ጠጉርም አለበት፣ የክረምት ልብስ ሆኖ።»
ዶክተር አንጋራድ ግን ሁሉን አዳምጣ፣
ከወንበሯ ወርዳ፣ ወለል ላይ ተቀምጣ፦

«ጡጫዎን ይጨብጡ፤ አንጓውን ይንኩት፤
እንዲህ ካገጠጠ፣ ውሻውን ይመግቡት።
አሁን ጣት ይዘርጉ፣ ከመዳፍ በስተኋላ፤
በስሱ ቆዳ ሥር፣ አጥንት እንደ ጥላ፣
ሳይታይ ሲዳሰስ፣ ይኸ ነው ልኩ።
አሁን ይገልብጡት፤ መዳፉን ይንኩ፤
ያ ለስላሳ ጉብታ፣ ካውራ ጣትዎ ሥር፣
ናንሲ እዚያ ናት ዛሬ፣ እውነቱን ስናገር።
ጀርባዋ ድልድይ ነው፤ ረጅም፣ እግሩ አጭር፤
ጭነት የበዛ እንደሁ መሃሉ ነው ሚሰበር።
ከላይ ሲያዩዋት ደግሞ ወገብ ይኑራት፤
የዳቦ ቅርጽ ሆናለች፤ ወገብ እንሥራላት።»

ከጥግ ተቀምጬ፣ ድመቴን አቅፌ፣
ሰማሁ ሳልፈልግ፤ ወሬ አይደል ትርፌ።
በእኔ ቋንቋ «ጎድኑ ተቆጠረ» ማለት
የክፉ ቀን ዜና፣ የችግር ምልክት፤
«ወፍረሻል» ምርቃት፣ «ከሳህ» ሲሉ ኀዘን፤
እዚህ ግን ሽማግሌ፣ ተንበርክኮ፣ ጎድን
ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ሲፈልግ በጣቱ፣
አጥንት ስላላገኘ ቀላ ጆሮና ፊቱ።

ቤቱ ሲገባ ኢድዋል አልጠፋውም ሌባው፤
የራሱ እጅ ነበር፣ ቅቤ ያወዛው።
ቴግዌን ካረፈች ወዲህ፣ ዘንድሮም እንዳምና፣
ሁለት ዳቦ ይጠብሳል፤ እጅ አይረሳምና።
አንዱን ለራሱ ቀብቶ፣ የሌላው ባለቤት
ወንበሯ ላይ ስለሌለች፣ ለናንሲ ሆነ ርስት።
ትበላለች በዝምታ፣ እያየች ዐይን ዐይኑን፤
እሱም ይነግራታል የሌሊት ሕልሙን።
ቁራሽ በቁራሽ ነው ኀዘን የሚሰፈረው፤
አምስት ኪሎ ያህሉን ናንሲ ተሸከመችው።

ደግሞም ብቻውን አልነበረም።
ፖስተኛው ግዊሊምም ከኪሱ ብስኩት አያጣ፤
ማብሊም ባጥር ቀዳዳ ቋሊማ ይዛ ስትመጣ፤
መንደሩ ሁሉ፣ ለኢድዋል «አይዞህ» ማለት ሲያፍር፣
ውሻውን አጎረሰ፤ ይቀላል ሳይናገር።

በማግስቱ ወረቀት በሩ ላይ ሰቀለ፦
«ናንሲን አታጉርሷት። ለናንተ ሻይ አለ።»

ምግቧን በግራም ለካ፣ በቴግዌን ሚዛን፣
የኬክ ዱቄት ስትመዝንበት በኖረችው ዘመን።
ዳቦውም አንድ ሆነ። ያ ጠዋት ከበደው፤
ከጠረጴዛው ሥር ዐይን ነበር የሚለምነው።
አንዴ ተሸነፈ፣ የቴግዌን ልደት ለት፤
ጠርዙን ብቻ ሰጣት፤ ሁለቱም ደበቁት።

መጀመሪያ እስከ ቀዩ ፖስታ ሳጥን ብቻ፤
ቀጥሎ እስከ ድልድዩ፤ ከዚያ እስከ ዳርቻ፣
ታይቪ ወንዝ ከጨው ውኃ እስኪቀላቀልበት፤
አጫጭር እግሮቿ አሸዋውን ሲጽፉበት፣
ማዕበሉ ሲያጠፋው፣ ደግመው ሲጽፉበት።

በሰኔ ሚዛኑ አሥራ አንድ ላይ ቆመ፤
ዶክተሯ አጨበጨበች፤ ኢድዋል ተገረመ፣
የት እንደሄደ ያ ሁሉ። አልጠየቀም ግን።

ማታ፣ ቤቱ ሲሞላ፣ ሻይ ሲንቆረቆር፣
በቴግዌን ወንበር ላይ ፖስተኛው ሲያወጋ፣
ኢድዋል ከምድጃው ዳር መዳፉን ዘረጋ፤
በሞቀው ጠጉር መሃል፣ በስሱ ሥጋ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቆጠረ፤
ዘጠኝ ላይ ተሳሳተ፤
እንደገና ጀመረ።